በቡድን ተራራ ስንወጣ «ደህና ነኝ» የምትለዋ ቃል ለምን ታስፈራኛለች?

 

መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ ሰማዩ ሲጠራ እኛ አካባቢ የቴሌግራም ግሩፖች ይሞቃሉ። «ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት አዘዞ እንገናኝ፣ ውሃና ምሳ ያዙ፣ ሰው የሚጠብቅ የለም!» ይባላል። አንዱ ቡድን ጎሃ ላይ ወጥቶ ጎንደርን ቁልቁል ያያል፣ ሌላው በቁስቋም በኩል ይዞራል፣ ትንሽ ደፈር ያለው ኮሶዬ ድረስ ይሄዳል። ልምድ አለን የሚሉት ደግሞ ደባርቅን አልፈው ሰሜን ተራሮች ይገባሉ።

እኔ በበኩሌ በጣም ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ከቤት እስከ ሥራ በባጃጅ፣ ከሥራ እስከ ቤት በባጃጅ ለሚኖር ሰው የቅዳሜዋ የሦስት ሰዓት ጉዞ ብቻዋን 180 ደቂቃ ናት። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት ሁሉ ትጠቅማለች። በዚያ ላይ በቡድን ሲሆን ሰው አይሰንፍም፤ ወሬው ብቻ ኪሎ ሜትር ያስጨርሳል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ቡድን ስለሚያመጣው አንድ ችግር ነው። ታሪኩን የምነግራችሁ በባለቤቷ ፈቃድ ነው።

«15 ሰው በእኔ ምክንያት እንዳይመለስ ብዬ ነው»

የ26 ዓመት ወጣት ናት። ጤነኛ፣ ስፖርት የምትሠራ። ከአሥራ አምስት ጓደኞቿ ጋር በጥቅምት ወር ለሁለት ቀን ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዱ። ጠዋት አዘዞ ሻይ ጠጥተው ተነሡ፣ ምሳ ደባርቅ በሉ፣ አመሻሽ ላይ በመኪና ጨነቅ ካምፕ ደረሱ። ማታ ራሷን ማመም ጀመረ። ሲጠይቋት «ደህና ነኝ፣ መኪናው ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ አስመለሳት። አንዷ ጓደኛዋ «ጨጓራሽ ነው» ብላ ኦሜፕራዞል ሰጠቻት። ሌሊቱን ሳትተኛ አነጋች። ጠዋት ሁሉም ወደ ቧሂት ሲነሡ እሷም ተነሣች።

አብሯቸው የነበረው ስካውት የአካባቢው ሰው ነው። ከኋላ ሆኖ አካሄዷን አየና «ይቺ ልጅ አንድም ርምጃ ወደ ላይ አትሄድም፣ ትውረድ» አለ። ልጅቷ እንደ ሰከረ ሰው ግራና ቀኝ ትንገዳገድ ነበር። ተሸክመው ወደ መኪናው መለሷትና ደባርቅ አወረዷት። ከፍታው ሲቀንስ ራስ ምታቱም እየለቀቃት ሄደ። በማግሥቱ እኔ ጋ ስትመጣ በደንብ ተሽሏት ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። መልሷ ይኸው ነበር፦ «ዶክተር፣ 15 ሰው በእኔ ምክንያት እንዳይመለስ ብዬ ነው።»

ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ አላዋቂ አይደለችም። ይሉኝታ ነው። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያኔውኑ ትመለስ ነበር። በቡድን ስንሆን ግን ሕመማችንን እንደብቃለን፣ የሌላውንም ሕመም «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ብለን እናልፈዋለን። ተራራ ላይ ይህ ባሕላችን ሰው ሊገድል ይችላል። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ከፍታ ምን ያደርገናል?

አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ነው። ሳንካበር 3250 አካባቢ፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ ወደ 3600 ይጠጋሉ። ቧሂት ከ4400 ሜትር ያልፋል። ራስ ደጀን 4550 ሜትር አካባቢ ነው።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ያንሳል። አዘዞ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። ጨነቅ ላይ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ጠዋት አዘዞ ላይ ከምትተነፍሱት ማታ ጨነቅ ላይ የምትተነፍሱት አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው።

ሰውነታችን ይህን ማስተካከል ይችላል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልብ ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ኩላሊት የደሙን የአሲድ ሚዛን ያስተካክላል። ግን ቀናት ይፈልጋል። በድሮ ጊዜ ሰው ከጎንደር ሰሜን በበቅሎና በእግር ነበር የሚደርሰው፤ ጉዞው ራሱ ያለማምደዋል። ዛሬ መኪናው በአንድ ቀን ጨነቅ ያወርደናል። ሰውነታችን ግን ገና አዘዞ ነው ያለው።

በዚህ ምክንያት የሚመጣው ችግር የከፍታ ሕመም ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ2500 ሜትር በላይ፣ ከደረስን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወይም በመጀመሪያው ሌሊት ይጀምራል። ዋናው ምልክት ራስ ምታት ነው። ከዚያ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ድካም፣ ማዞር ይከተላሉ። ልክ የመጠጥ ማግሥት ዓይነት ስሜት ነው።

«እኛ እኮ ደገኛ ነን»

ይህን ሁልጊዜ እሰማለሁ። ግማሽ እውነት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የተገኘው ውጤት ሳይንቲስቶቹን አስገርሟል። የሰዎቹ ደም የያዘው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ደገኞች ደማቸው ወፍሮ ነው ከፍታውን የሚቋቋሙት፣ የቲቤቶቹ ደግሞ በሌላ መንገድ። የእኛዎቹ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ሆኑ።

ታዲያ ኩራቱ ለማን ነው? እዚያው ተወልዶ እዚያው ላደገው ሰው ነው። አዘዞ ተወልዶ፣ አዘዞ አድጎ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለሚውል ሰው ያ የመርማሪ ወረቀት አይሠራለትም። አዘዞ መኖራችን ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ቱሪስት ትንሽ ይሻለናል፤ ነፃ ግን አያወጣንም። ጥሩ ሯጭ መሆንም አያድንም። እንዲያውም ፈጣኖቹ ቶሎ ወደ ላይ ስለሚወጡ ይበልጥ ሲጎዱ እናያለን።

ሦስቱ ሕጎች

እነዚህን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል።

1. ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታት የጀመረው ሰው፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። «ጨጓራ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «መኪናው ነው» አይባልም።

2. ምልክት ያለበት ሰው ወደ ላይ አይወጣም። ያለበት ቦታ ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ፓራሲታሞል መውሰድ ይችላል። ከተሻለው በማግሥቱ ይቀጥላል። ማስታገሻ ውጦ መውጣት ግን የእሳት ማንቂያውን ድምፅ አጥፍቶ ቤት ውስጥ እንደ መተኛት ነው።

3. እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ፣ ብቻውን ግን አይውረድ። ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 1000 ሜትር መውረድ ለውጥ ያመጣል።

ሁለት ምልክቶች ካያችሁ ደግሞ ውይይት የለም። የመጀመሪያው መንገዳገድ ነው። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከጣቱ ፊት እያደረገ እንዲራመድ ጠይቁት። መስመሩን ከሳተ፣ ከተምታታበት ወይም ንግግሩ ከተወላገደ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቁጭ ብሎ እያለ የሚያፍን የትንፋሽ እጥረት ነው፤ በተለይ ሳልና አረፋ ያለው አክታ ካለው ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ነው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ይገድላሉ። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ኦክስጅን ካለ ኦክስጅን፣ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል።

መከላከያውስ? ከ3000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ከአዘዞ ከተነሣችሁ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ሳንካበር አካባቢ ተዟዙራችሁ፣ ጭላዳዎቹን አይታችሁ ተመለሱ፤ ቧሂት የትም አይሄድም። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም (ለምሳሌ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ላለበት ሰው ያሳስበናል)፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ እንጂ ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ።

አረቄና ከሰል

ከፍታ ሲጨምር ብርዱም ይጨምራል። በየ1000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጨነቅ ከአዘዞ በአማካይ በ10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ሁለት «መፍትሔዎች» ይመጣሉ።

አንዱ አረቄ ነው። «ብርዱን እንስበር» ይባላል። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማችኋል፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ከሰውነታችሁ እየወጣ ያለ ሙቀት ነው። ሰውነታችሁ ውስጡ እየቀዘቀዘ ነው። በእንቅልፍ ላይ አተነፋፈሳችሁንም ያዘገያል፣ ኦክስጅን በሚያንስበት ቦታ ይህ አደገኛ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠዋት ላይ ራስ ምታቱ የአረቄው ይሁን የከፍታው ማንም መለየት አይችልም።

ሁለተኛው ከሰል ነው። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የከሰል ምድጃ ዘግታችሁ በምትተኙበት ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ነው፤ ቁርጥ የከፍታ ሕመም። አንድ ክፍል ውስጥ የተኙ ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ፤ በሩን ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ለብርዱ መድኃኒቱ ደረቅ ልብስ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ትኩስ ምግብና ሻይ ነው። በላብ የረጠበ ቲሸርት ለብሳችሁ አትቀመጡ፤ እንደደረሳችሁ ቀይሩ።

መውጣት ትንፋሽ ይፈትናል፣ መውረድ ጉልበት

ሰኞ ጠዋት የሚመጡልኝ ተጓዦች አብዛኞቹ የሚሉት «ዶክተር፣ ስወጣ ምንም አልሆንኩም፣ ስወርድ ነው ጉልበቴ የተበላሸው» ነው። ትክክል ናቸው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ይሠራል። ይህን ያልለመደ ጡንቻ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ድረስ በደንብ ያማል። ያ ጤናማ ሕመም ነው፤ ቀስ ብሎ መራመድና ጊዜ ይበቃዋል። ነገር ግን ሽንታችሁ የኮካ ኮላ ቀለም ካመጣ ጡንቻው ከልክ በላይ ተጎድቶ ኩላሊታችሁን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ከጉዞ በፊት «እንዳያመኝ» ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው አለ። ውሃ በቀነሰ ሰውነት ላይ ኩላሊትንም ጨጓራንም ይጎዳል። ይልቅ አጫጭር ርምጃ ተራመዱ፣ ዱላ ያዙ፣ ቁልቁለት አትሩጡ። የእኛ ገበሬ ያለ ዱላ መንገድ የማይወጣው ለጌጥ አይደለም። አዲስ ጫማ ደግሞ ተራራ ላይ አይመረቅም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ልመዱት።

መስከረምና ጥቅምት ላይ መንገዱ ከላይ ደርቆ ከሥር ጭቃ ስለሆነ ወለምታ ይበዛል። እግሩ የዞረ ሰው ካለ ጉዞው ለእሱ አልቋል። እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የረጠበ ጨርቅ አድርጉበት፣ በመጠኑ እሰሩለት። አራት ርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ በጣም ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ግልጽ ልሁን። ወጌሻን ከማክበራችን ጋር፣ በጠባቡ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ሲጠቁርና እስከ መቆረጥ ሲደርስ ሐኪሞች አይተናል። አንድ ሰው ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከበፊቱ ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ ይፈታ። «ወጌሻው ሰባት ቀን አትፍታ ብሎኛል» አይሠራም። እግር ከሰባት ቀን ቀጠሮ ይበልጣል።

የምንጭ ውሃ ንጹሕ ይመስላል

«ከተራራ የሚፈልቅ ውሃ እኮ ነው!» ትላላችሁ። ከላይ ከብት ይውላል፣ ሰው ይጸዳዳል፣ ክረምቱ ያንን ሁሉ አጥቦ ያወርደዋል። ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ ከዚያ ይመጣሉ።

ሌላም አለ፤ አልቅት። ከወራጅ ውሃ ጎንበስ ብሎ በአፉ የጠጣ ሰው አፍንጫው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ትንሽ አልቅት ሊገባ ይችላል። ከቀናት በኋላ ከአንድ አፍንጫ ቀዳዳ ደጋግሞ ደም ይፈሳል፣ ወይም ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማዋል። ሰው ግፊት ነው ብሎ ይጨነቃል። ከጉዞ በኋላ እንዲህ ከገጠማችሁ «የወንዝ ውሃ ጠጥቼ ነበር» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ምርመራ ያስቀራል። በራሳችሁ ጎትታችሁ ለማውጣት ግን አትሞክሩ።

ውሃ ከቤት ያዙ፤ ለቀን ጉዞ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር። ካለቀባችሁ አፍልታችሁ ጠጡ። ከ2000 ሜትር በላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይፍላ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ከሆነ በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በሶ ይዛችሁ ሄዳችሁ በምንጭ ውሃ ብትበጠብጡት ያው ምንጩን ጠጣችሁ ማለት ነው።

ተቅማጥ ከያዛችሁ ኦአርኤስ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ልክ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ።

ጾም ላይ ላላችሁ

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌን የምትጾሙ አላችሁ፤ እኔ ስለ ጾማችሁ አልፈርድም። ሐኪም ሆኜ የምነግራችሁ ባዶ ሆድ፣ ያለ ውሃ፣ ለረጅም ሰዓት ዳገት መውጣት እንደሚጥላችሁ ብቻ ነው። የቀን ጉዞውን አጭር አድርጉት ወይም የጉዞውን ጉዳይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩበት። የምግቡ ዓይነት ግን ችግር የለውም፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ለተራራ ከብስኩት ይበልጣሉ። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብሉ።

የስኳር ሕመም ኖሯችሁ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ እንቅስቃሴው ስኳራችሁን ሊያወርደው ይችላል። ከረሜላ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። አጠገባችሁ ለሚሄደው ሰውም «ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ፣ ከተምታታብኝ ጣፋጭ ስጠኝ» በሉት።

ደረት ላይ ሕመም ያለባችሁ፣ ልብ ወይም ሳንባ የታመመ፣ ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ አስሙ በቅርቡ የተነሣበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናቶች ወደ ከፍታ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪም እዩ። ብዙዎቻችሁን «ጎሃ ድረስ ሂዱ፣ ጨነቅ ግን ይቆይ» ነው የምንላችሁ። የአስም ነፋሻችሁን ቤት ትታችሁ አትውጡ።

መብረቅና ውሻ

እስከ ጥቅምት ድረስ ከሰዓት በኋላ ዝናብና መብረቅ ይኖራል። ስለዚህ ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ውረዱ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላው ከተሰማ ጫፍ ላይ አትቆዩ፣ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ተበታትናችሁ ዝቅ ወዳለ ቦታ ውረዱ። በመብረቅ የተመታን ሰው መንካት አደጋ የለውም፤ ካልተነፈሰ ወዲያው ደረቱን በመጫን የመጀመሪያ ርዳታ ጀምሩ።

በየመንደሩ ውሻ አለ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ባለቤቱ ጤነኛ ነው ብሎናል» ወይም «የባሕል መድኃኒት እናስጠጣው» ተብሎ ቀን አይቃጠልም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ጉዞው ቤት ስትደርሱ አያልቅም። ቡድናችሁ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ ወይም ወደ ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ከሄደ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የወባ ዋና ወቅት መሆኑን አትርሱ። ጎንደር ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የጨረሰ የወባ ወረርሽኝ ካስከተለው ድንጋጤ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ አካባቢ ወባ የታሪክ መጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም።

ቆላ አድራችሁ ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ጀምሮ በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው፣ ታይፎይድ ነው» ብላችሁ ፋርማሲ አትግቡ። የደም ምርመራ አድርጉ፤ የት አድራችሁ እንደነበረም ንገሩ። ከጎረቤት የተረፈ ኮአርተም ተቀብሎ መዋጥ ክልክል ነው። ለሚያድሩ ሰዎች አጎበር ከድንኳን እኩል ዕቃ ነው።

ለአስተባባሪዎች

ይህን ክፍል ኮፒ አድርጋችሁ ግሩፓችሁ ላይ ፒን አድርጉት።

• ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ለሚመለከተው አካል ጠይቁ። «ሰላም ነው ሲሉ ሰማሁ» አይበቃም።

• የእያንዳንዱን ሰው ሕመም፣ መድኃኒትና የቤተሰብ ስልክ ጻፉ። ሰው በግሩፑ ፊት መናገር ስለሚያፍር በግል ጠይቁት።

• የመጨረሻው ሰው ፍጥነት የቡድኑ ፍጥነት ነው። ከኋላ ሁልጊዜ አንድ ልምድ ያለው ሰው ይኑር። አዘዞ ላይ «ሰው የሚጠብቅ የለም» ልትሉ ትችላላችሁ፤ ተራራ ላይ ግን ሁሉም ይጠበቃል።

• መናገር ከቻላችሁ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

• ከመነሣታችሁ በፊት የመመለሻ መኪናና ሾፌር ቁርጥ ይሁን፤ ሌሊት ሰው ማውረድ ቢያስፈልግ ማን ይሄዳል የሚለውም ቀድሞ ይታወቅ።

• ማታ ማታ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ጠይቁ። «ደህና ነህ?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና» ነው። «ራስህን ያምሃል? እራት በላህ? አስመለሰህ?» በሉ።

• ስካውቱንና የአካባቢውን ሰው ስሙ። ያቺን ልጅ ያተረፋት የእኔ እውቀት አይደለም፤ የእሱ ዓይን ነው።

የመጨረሻዋን ደግሞ ጮክ ብላችሁ ጉዞው ሲጀመር ተናገሯት፦ «ዛሬ የታመመ ሰው ይናገራል፣ የተናገረ ሰው አይሰደብም፣ በእሱ ምክንያት ብንመለስ ማንም አያኮርፍም።» አንድ ደቂቃ አትፈጅም። ያን ማታ ያቺ ልጅ ይህን ብትሰማ ኖሮ ገና ራሷን ማመም ሲጀምር ትናገር ነበር።

በነገራችን ላይ በዚህ ዓመትም ትሄዳለች። ደባርቅ ላይ አንድ ሌሊት እንዲታደር ሐሳብ ያቀረበችው እሷ ናት። ግሩፑም ተስማምቷል።

መልካም የጽጌ ወቅት፣ መልካም ጉዞ። ከቡድናችሁ ጋር ለመውጣት ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በምችለው ሁሉ እመልሳለሁ። ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተጻፈ ስለሆነ የራሳችሁን የጤና ሁኔታ የሚያውቅ ሐኪም ምክር አይተካም።